ተልባ የጠጣችው መኪና

የጋለ ብረት፣ የዛገ ውሃና እንፋሎት አንድ ላይ ሲሆኑ የሚሰጡት ሽታ አለ። አራዳ ላይ መንገድ ዳር ቆማ፣ ኮፈኗን ከፍታ የምታፏጭ አሮጌ ሚኒባስ ባየሁ ቁጥር ያ ሽታ ይመጣና ጎልማሳነቴ ጥሎኝ ይሄዳል። ለአላፊ አግዳሚው የሚሸተው የፈላ ሞተር ብቻ ነው፤ ለእኔ ግን በውስጡ ያረረ ተልባ አለበት።

የዚህ ነገር ባለቤቶች አምስት ነን። አባቴ ሙሉጌታ ከማክሰኝት ጎንደር እህል እያመላለሰ ቤቱን የሚያስተዳድር፣ መንዳትንም መጠገንንም ማንም ሳያስተምረው እየፈታና እየገጠመ የተማረ ሰው ነበር። እናቴ ጥሩወርቅ አዲ አርቃይ ተወልዳ ጎንደር የተዳረች፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ የምትጣላ ሴት ነበረች። ታናሽ እኅቴ ብርቄ ገና የወተት ጥርሷን መጣል የጀመረች ለፍላፊ ልጅ ነበረች። የእናቴ አጎት መሪጌታ ፍሬው በከተማው ካሉት አድባራት ባንዱ ድጓ የሚያስተምሩ፣ በጭንቅም ሰዓት ቀልድ የማያልቅባቸው ሽማግሌ ነበሩ፤ እኛ ልጆቹ የኔታ እንላቸው ነበር። እኔ ደግሞ የበኩር ልጅ ነኝ፤ ያኔ የመኪናዋን ሞተር ለማየት ጀሪካን ላይ መቆም ነበረብኝ።

መኪናዋ ኋላዋን ሸራ የለበሰች፣ ከአባቴ በፊት ስንት ሰው እንደነዳት የማይታወቅ አሮጌ ነበረች። አባቴ ደባርቅ አጠገብ ካለው የአባቱ ቀዬ የወረሳቸውን በሬዎች ሸጦ ነው የገዛት። እኛ አባታችንን እንፈራው ነበር፤ አባታችን ደግሞ መኪናዋን ይፈራት ነበር። ኮፈኗ በተከፈተ ሰዓት ግቢው ጸጥ ይል ነበር፣ ብርቄ እንኳ ወሬዋን ዋጥ አድርጋ ከበሩ ኋላ ትቆም ነበር።

ነገሩ የጀመረው በክረምት ነበር። አባቴ ጧት ጧት ጋቢውን እንደተከናነበ ወጥቶ፣ ኮፈኗን ከፍቶ፣ ጣቱን ወደ ራዲያተሩ አፍ ሰድዶ ውሃውን ይፈልግ ነበር። ትናንት እስከ አፉ የሞላው ዛሬ ጣት አያርስም፤ እንደገና ይሞላዋል፣ ማክሰኝት ደርሶ ሲመለስ ደግሞ ጎድሎ ይገኛል። የት እንደሚሄድ ግን ማወቅ አልተቻለም። በጎንደር ክረምት ሁሉ ነገር ያንጠባጥባል፤ ጣሪያው፣ ሸራው፣ የባሕር ዛፉ ቅጠል ያንጠባጥባል፣ መሬቱም ጭቃ ነው፣ ከዚያ ሁሉ ጠብታ መካከል የራዲያተሩን ጠብታ የሚለይ ዓይን የለም።

«ምነው ይች ማኪና? ከበቅሎም ባሰች እኮ» ትል ነበር እናቴ ጀሪካኑን እያቀበለችው።

«ዝናቡ ይቁም ብቻ፣ አገኘዋለሁ።»

«ጋራዥ ውሰዳትና ሰው ይያት።»

«እኔ የገጠምኋትን ማኪና ሌላ ሰው ፈትቶ አይስቅብኝም» ይላት ነበር፤ በዚያው ነገሩ ይዘጋ ነበር። በዚያ ክረምት አመሻሽ ላይ ሲዘገይ እናቴ ደጅ ወጥታ ትቆማለች፣ እኔና ብርቄም ዝናቡን አልፎ የሚመጣውን የሞተር ድምፅ ለመስማት ጆሯችንን እናቆማለን፤ ድምፁ እስኪመጣ ድረስ እራት አይቀርብም ነበር።

ጥቅምት ሲገባ ጭቃው ደረቀ፣ አባቴም ፍለጋውን በደንብ ጀመረ። ከምድጃ የተጠረገውን አመድ በወንፊት ነፍቶ ከመኪናዋ ሥር እንደ ምንጣፍ አነጠፈው፤ ጠብታ ከወደቀ አመዱ ላይ ምልክት ይተዋል፣ ከምልክቱ ትይዩ ወደ ላይ ሲታይም ቀዳዳው ይገኛል። ዘዴው ሸጋ ነበር፣ ጧት ስንነሣ ግን አመዱ ላይ የተገኘው የድመት ዱካ ብቻ ሆነ። አባቴ ፊቱ ጠቆረ። ውሃው ወደ ውጭ ካልወጣ ወደ ሞተሩ ሆድ እየገባ ይሆናል፣ ያ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ አለቀለት፣ እኛም አለቀልን። የዘይቱን መለኪያ መዝዞ፣ ዘይቱ ነጥቶ እንደሆነ በሁለት ጣቱ እያሸ ሲያይ፣ እኛ ትንፋሻችንን ይዘን የእሱን ፊት እናይ ነበር። ዘይቱ ጥቁር ነበር፣ ውሃ አልነካውም። እፎይ አለና መኪናዋን አስነሥቶ እስክትግል አቆያት፣ ከዚያም የእናቴን ትንሽ መስታወት አስያዘኝና የእሱ እጅ ወደማይገባበት ጥግ እንዳስጠጋው አዘዘኝ። ጀሪካኑ ላይ ቆሜ፣ ፊቴ በሙቀቱ እየተለበለበ፣ ከራዲያተሩ የላይኛው ጥግ አንድ ነገር መስታወቱን ጉም ሲያለብሰው አየሁ።

«አባ! ትተነፍሳለች! እዚች ጋ ትተነፍሳለች!»

ስትበርድ የምትዘጋ፣ ስትግል የምትከፈት ስንጥቅ ነበረች። ሌሊት ስለምትዘጋ አመዱ ላይ አልተንጠባጠበችም፣ በመንገድ ላይ የሚወጣው ውሃ ደግሞ መሬት ሳይደርስ የጋለው ብረት ላይ ይተናል። አባቴ ራሴን ደባበሰኝ፤ ይህን ብዙ ጊዜ አያደርገውም ነበር።

እስከዚህ ድረስ አባቴ ልክ ነበር። ቀጥሎ ማድረግ የነበረበት ራዲያተሩን አውርዶ ለበያጅ መስጠት ነበር። ራዲያተሩ ከወረደ ግን መኪናዋ ትቆማለች፣ ጊዜው ደግሞ አዲስ እህል ወደ ገበያ መውጣት የሚጀምርበት ነው። ማክሰኝት ገበያ ላይ አንድ ሾፌር፣ የተወቀጠ ተልባ ራዲያተር ውስጥ ቢጨመር ሙጫ ሆኖ ስንጥቁን ይደፍነዋል ብሎ ነግሮት ነበር፤ አባቴም ያን ምክር ጆሮው ውስጥ አስቀምጦ ቆየ።

ኅዳር ላይ የነቢያት ጾም ገባ። እናቴና ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ተልባ አብረው ቆልተው፣ አብረው ወቅጠው፣ እኩል ተካፈሉ፤ እንዲህ ማድረግ የየጾሙ ልማዳቸው ነበር። ጥቂት ቀን ሳይቆይ የእናቴ ድርሻ ከቅሉ ጎድሎ ተገኘ። «ከእሷ በቀር ጓዳዬ የገባ የለም» አለች እናቴ፣ ያን ዝቅ ያለ ድምፅዋን ይዛ። ቃሉ በአጥሩ አልፎ እትዬ ዘነቡ ዘንድ ደረሰ፣ ሁለቱም ሰላምታ አቆሙ። አባቴ ያን ጧት ደፉ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ያስር ነበር፤ ሁሉንም ሰምቶ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ተልባውን የወሰደው እሱ ነበር፣ ይህን ግን ማናችንም አላወቅንም። እኔ አንድ ቀን ከኮፈኑ ውስጥ የጾም ቁርስ የሸተተኝ መስሎኝ ስናገር፣ «አንተ ልጅ፣ አፍንጫህም እንደ ሆድህ ነው» ብሎ አባረረኝ።

ስንጥቋ ግን ተደፈነች። ውሃው መጉደሉን አቆመ፣ የማክሰኝት መንገድም ሞተሩን ብዙ የሚያስጨንቅ ስላልነበረ አባቴ እያፏጨ ይገባ ጀመር። ዛሬ አባት ሆኜ ሳስበው የሚያስፈራኝ ያ ፉጨት ነው። የተደበቀ ስሕተት ወዲያው ሳያስቀጣ ሲቀር ሰው ትክክል የሠራ ይመስለዋል፤ ልጆቼን ስቆጣም ስመክርም የምነግራቸው ይህንኑ ነው፣ ሰልችቷቸዋል፣ ቢሆንም እነግራቸዋለሁ።

በታኅሣሥ እናቴ የታናሽ ወንድሟን ሠርግ ለማሰናዳት ብርቄን ይዛ በአውቶቡስ ወደ አዲ አርቃይ ወረደች። ጥምቀት ካለፈ በኋላ አባቴ፣ የኔታና እኔ በመኪናዋ ተከተልናት፤ የሊማሊሞ ቁልቁለት ሞተሩን ስለማያደክም ያለ ችግር ደረስን። ሠርጉ አምሮ ነበር። በማግስቱ ግን ብርቄን ከቤቱ ጥግ ተኝታ አገኘናት፤ ሰውነቷ እሳት ሆኗል፣ ጥርሷ ይንገጫገጫል፣ የዋጠችውን ኪኒን ያስመልሳታል። በጤና ጣቢያው ያለው ሰውዬ የዓይኗን ቆብ ገለጥ አድርጎ አየና «ወባ ነው፤ ብሶባታል። መርፌ ያስፈልጋታል፣ እኔ ዘንድ ደግሞ አልቋል። አሁኑኑ ይዛችሁ ውጡ፣ ደባርቅ ካገኛችሁ እዚያ፣ ካልሆነም ጎንደር» አለ።

ሊማሊሞ ያኔ ጠጠር መንገድ ነበር፣ በአንድ ወገን ግድግዳ፣ በአንድ ወገን ገደል፣ ጥምዝምዙም ተቆጥሮ የሚያልቅ አይመስልም ነበር። እናቴ ብርቄን ታቅፋ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች፣ እኔ መሃል ገባሁ፣ የኔታ ከኋላ ሸራው ሥር ሆኑ። የመጀመሪያዎቹን መታጠፊያዎች እንዳለፍን የሙቀት መለኪያው ቀስት መነሣት ጀመረ። አባቴ ከእኔ ቀድሞ ሳያየው አልቀረም፣ ንግግሩን በአንድ ጊዜ አቁሞ ነበርና። ከዚያ በኋላ ሦስታችንም መንገዱን ትተን ያችን ቀስት እናይ ነበር።

ቀስቷ ቀዩን ስትነካ አባቴ ወደ ግድግዳው አስጠግቶ አቆማት፣ እኔ ዘልዬ ወርጄ ከጎማው ኋላ ድንጋይ አስደገፍሁ። ኮፈኑ ሲከፈት የሚፈስ ነገር የለም፤ ራዲያተሩ ከውጭ ደረቅ ነው፣ ከውስጥ ግን እንደ ድስት ይንተከተካል። አባቴ ቀዳዳ ቢያይ ኖሮ ይረጋጋ ነበር፤ ምንም አለማየቱ ነው ያደናገጠው። ከአለቱ ጫፍ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ተደርድረው ያዩናል፣ ከእግራችን ሥር ደግሞ የመጣንበት መንገድ እንደ ክር ቀጥኖ ይታያል። ብርቄ ስታቃስት ቆይታ ዝም አለች። ማቃሰቷ አስፈርቶኝ ነበር፣ ዝምታዋ ግን ባሰብኝ።

«እስኪበርድ እንጠብቅ» አሉ የኔታ ከኋላ ወርደው።

«አያ ፍሬው፣ ልጅቱ ትጠብቃለች?» አለች እናቴ።

አባቴ የሳተው ያን ጊዜ ነው። የጋለ ራዲያተር አይከፈትም እያለ ሁልጊዜ የሚያስጠነቅቀን ሰው፣ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ክዳኑን አዞረው። ውሃው እየጮኸ ወጣ። አባቴ አልጮኸም፤ የቀኝ እጁን አንጓ በግራው ይዞ ጠጠሩ ላይ ተንበረከከ። አባቴ ሲንበረከክ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ አይቼው አላውቅም ነበርና፣ እንግዲህ ሁላችንም እዚህ ልንቀር ነው ብዬ አሰብሁ።

እንፋሎቱ ሲቀንስ ኮፈኑ ላይ ወፍራም የሚያሙለጨልጭ ልጋግ ተረጭቶ ታየ። እናቴ ብርቄን ለየኔታ አስታቀፈችና ቀረበች። ልጋጉን በጣቷ ነክታ አሸተተችው። ቀጥላ የነጠላዋን ጫፍ መዳፏ ላይ ጠቅልላ ራዲያተሩን ከላይ ነካች፣ ከታችም ነካች፤ ከላይ እሳት ነው፣ ከታች ግን ቀዝቅዟል።

«አንተ ሰው፣ ይህ ተልባ ነው» አለች። «ውሃው ከላይ ወደ ታች አይወርድም። ጉሮሮዋ ተዘግቷል።»

አባቴ ቀና አላለም። «ጥሩወርቅ፣ እኔ ነኝ የወሰድሁት» አለ። «ዘነቡ አይደለችም። እኔ ነኝ።»

እናቴ ጣቷን በነጠላዋ ጠረገች። የኔታ ብርቄን እየወዘወዙ ከኋላችን፣ «አንተ ሙሉጌታ፣ ማኪናይቱንም አስጾምካት?» አሉ። ከአባቴ አፍ ሳቅም ለቅሶም የመሰለ ድምፅ ወጣ፣ ከዚያ በኋላ እንደገና አባቴን ሆነ።

«እንግዲህ ደህና እጅ ያለህ አንተ ነህ» አለኝ። «ካቻቢቴውን አምጣና ከሥር ግባ።»

ከመኪናዋ ሥር በጀርባዬ ተኛሁ። ድንጋዩ ቢያመልጥ መኪናዋ በላዬ ላይ እንደምትሄድ አውቅ ነበር፤ አባቴም እንደማውቅ ስላወቀ ግራ እጁን ጎማው ላይ አሳርፎ ቆመ።

«የታችኛውን ቱቦ ያዝ። ማሠሪያውን ወደ ግራ ፍታ። ወደ ግራ አልሁህ! ፊትህን አዙርና ሳበው።»

ቱቦው ወጣ። ውሃ ይፈስብኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ፣ የመጣው ግን ጥቂት ንፍጥ የመሰለ ነገር ብቻ ነበር። አባቴ ከታች ወደ ላይ መንፋት አለበት አለ። ቱቦውን በራዲያተሩ የታችኛው አፍ ላይ እንደ ዋሽንት ተክለን፣ እኔ ጉንጬ እስኪፈነዳ ነፋሁ፤ ንቅንቅ አላለም። አባቴም ሞከረ፣ ሕመሙ ትንፋሹን ስለቆረጠው ተወው።

የኔታ ብርቄን ለእናቴ መለሱ፣ ጥምጥማቸውን አውልቀው ድንጋይ ላይ አኖሩ። «ትንፋሽ ከሆነ የተፈለገው፣ እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በትንፋሽ ነው» አሉና ጠጠሩ ላይ ተኙ። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ሲዘምር የኖረ ደረት ነው። አንድ ጊዜ ነፉ፣ ደገሙ፣ አንገታቸው ላይ ያለው ሥር ገመድ አከለ፤ በሦስተኛው ከራዲያተሩ ውስጥ ጉርርር የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ከላይ ካለው አፍም የተልባው ልጋግ እየተንቦጨቦጨ ወጣ። እኔ በደስታ ጮኽሁ። የኔታ ሲነሡ ነጭ ጺማቸው ላይ ተልባ ተንጠልጥሎ ነበር፣ ቢሆንም እንደገና ተኝተው ነፉ።

ከመታጠፊያው ላይ ከአለቱ የምትንጠባጠብ ውሃ ነበረች፣ እናቴና እኔ እየተመላለስን ጀሪካኑንና ከሠርጉ የያዝነውን እንስራ ሞላን። ራዲያተሩን አጥበን፣ ቱቦውን መልሰን አሠርን። «ቀስ! በቀጭኑ አፍስስ፤ ቀዝቃዛ ውሃ የጋለ ብረት ይሰነጥቃል» እያለ አባቴ ይቆጣጠረኝ ነበር። ሞተሩ ተነሣ። ወዲያው ያች የጥቅምት ስንጥቅ፣ ደፋኟ ተነሥቶላት፣ መተንፈስ ጀመረች። እኔ ልቤ ወረደ፤ አባቴ ግን ከጧት ጀምሮ ያላየሁትን የተረጋጋ ፊት አሳየ።

«ትፍሰስ» አለ። «የምትፈስበትን እያየን እንሞላታለን። ክዳኑን ላላ አድርገው፣ እንፋሎቱ ታፍኖ እንዳይገፋት።»

ቀኝ እጁን በእናቴ ነጠላ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አኖረ፣ በግራው መሪውን ያዘ፣ ማርሹን እንድለውጥለት እኔን አስጠጋኝ። «አንድ» ሲል እገፋለሁ፣ «ሁለት» ሲል እስባለሁ፣ መዳፌ ከላብ የተነሣ ይንሸራተት ነበር። በየመታጠፊያው ቆመን ውሃ እንጨምራለን፣ የኔታ ድንጋይ ያስደግፋሉ፣ እናቴ የብርቄን ከንፈር በእርጥብ ጨርቅ ታርሳለች። ከመኪናዋ አፍንጫ እንፋሎት እየወጣ ደጋው ጫፍ ላይ ስንደርስ ንፋሱ ፊታችንን መታን፣ ቀስቷም ዝቅ አለች። ደባርቅ ላይ መርፌውን አገኘን። ብርቄን የወጋት ሰው ጥቂት ብትቆዩ ኖሮ ብሎ ጀመረና የእናቴን ፊት አይቶ አልጨረሰውም።

ብርቄ ዳነች። አባቴ ራዲያተሩን ለበያጅ የሰጠው በዚያው ሳምንት ነበር፤ ከዚያ በኋላ እጁ ስላልታጠፈለት የመፍቻውን ሥራ ለሌላ ሰው መስጠት ግድ ሆነበት፣ ሰውም ፈትቶ አልሳቀበትም። በበልግ፣ የዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ፣ እናቴ እትዬ ዘነቡ ደጅ ሄዳ ይቅርታ ጠየቀች። እትዬ ዘነቡ ይቅር ብያለሁ አለች፣ ተሳሳሙም፤ ተልባ ግን ዳግመኛ አብረው አልወቀጡም።

ዛሬ የሊማሊሞ መንገድ አስፋልት ነው። በራዲያተሬ ውስጥ ያለው ፈሳሽ አረንጓዴ ነው፣ ሞተሩ ከመፍላቱ በፊት መብራት ያበራልኛል፣ ወንዱ ልጄም በኮሌጅ የተማረውን በስልኩ እያየ «አባ፣ ምንም ችግር የለም» ይለኛል። አምነዋለሁ። ወርጄ ግን ራዲያተሩን ከላይም ከታችም በመዳፌ እነካለሁ፤ እሱ ይሥቃል፣ እኔ አልሥቅም። ከአባቴ የሚሻል መኪና አለኝ፣ ከአባቴ የሚሻል ሰው ለመሆኔ ግን እርግጠኛ አይደለሁም፤ እሱ ጥፋቱን በልጆቹ ፊት ተንበርክኮ ተናገረ፣ የእኔ ልጆች እስካሁን የሰሙት ምክሬን ብቻ ነው።

ያ ቅል ተልባ ለሁላችንም ምን እንዳስከፈለን አንዳንድ ጊዜ አስባለሁ። አባቴን ቀኝ እጁን፣ እናቴን የልብ ወዳጇን፣ የኔታን እስከ ዕለተ ሞታቸው ያልተዋቸውን ሳል፣ እኔን በዳገት ላይ የሚይዘኝን ፍርሃት አስከፈለን። ብርቄን ደግሞ የግራ ጆሮዋን መስማት አሳጣት፤ በሽታው ይሁን መድኃኒቱ የነገረን የለም። አሁን የልጆች እናት ናት፣ ለፍላፊነቷም አልተዋትም። ከጎኔ ተቀምጣ ስንሄድ ወደ እኔ የሚዞረው ያ ጆሮ ስለሆነ፣ የምነግራት ቁም ነገር ሲኖረኝ መኪናዬን ዳር አስይዤ አቆማለሁ።